ናፍጣ የጠጣ ጎማ፦ የመኪናን መስታወት አጽድቶ ጎማውን ስለማትረፍ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምነዳው የቆየ ቪትስ ነው። ቤቴ ደብረ ብርሃን ሲሆን ሥራዬ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ሸዋ ሮቢት ያስወርደኛል። ጠዋት መስታወቱን ውርጭ ይጋግርበታል፤ ማታ ስመለስ ደግሞ አቧራ ለብሶ ነው የሚገባው። ስጠርገው ስጠርገው የበሮቹ መስታወት ጎማ ደረቀብኝ። አንድ መካኒክ "ናፍጣ በጨርቅ ቀባው" አለኝና ቀባሁት። ሰሞኑን አዲስ መስሎ ነበር፤ አሁን ግን ጫፉ ተጨማዶ ከቦታው እየወጣ ነው። በሾፌሩ በኩል ያለው መስታወት ሲወርድ ይጮኻል፣ ከላይ ወደ ታች ጭረትም አውጥቷል። መስታወቱን በምን ላጽዳ? ጎማውንስ ምን ልቀባው? ጭረቱ ይለቃል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከናፍጣው ልጀምር።

የመኪና የበርና የመስታወት ጎማ በአብዛኛው የሚሠራው ኢፒዲኤም ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። የተመረጠበትም ምክንያት ፀሐይን፣ ዝናብን፣ ሙቀትንና ብርድን ከሌሎች የጎማ ዓይነቶች በተሻለ ስለሚችል ነው። የማይችለው ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣውን ነው። ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝ፣ የሞተር ዘይት፣ ግሪስ፣ ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ፣ ቫዝሊን ሳይቀር እዚህ ውስጥ ይገባል። ናፍጣ ሲነካው ይጠጣዋል። ሲጠጣው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ያብለጨልጫል፤ ያን ሰሞን አዲስ የመሰለህ ለዚህ ነው። ናፍጣው ቀስ በቀስ ሲወጣ ግን ብቻውን አይወጣም። ፋብሪካው ጎማው እንዲለሰልስ የጨመረበትን ዘይትም አብሮ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ የሚቀርልህ ከበፊቱ ያጠረና የደረቀ ጎማ ነው። ጫፉ የተጨማደደው ባበጠ ጊዜ ቦታው ስለጠበበው ነው፤ አሁን የሚወጣው ደግሞ ስላጠረ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ከሆነ በምንም ቅባት ወደ ነበረበት አይመለስም።

መካኒክህ ላይ አልፈርድም። ብሎንና ኩሽኔታ በናፍጣ ሲያጥብ የሚውል ሰው፣ እጁ መጀመሪያ የሚያገኘው የናፍጣውን ጣሳ ነው። ላቫጆ ስትገባም እንዲሁ ተጠንቀቅ፤ አንዳንዱ አጥቦ ሲጨርስ «ላሳምርልህ» ብሎ ዘይት የነካ ጨርቅ በጎማው ሁሉ ላይ ያዞርልሃል። ገና ሳይጀምር ጎማውን እንዳይነካ ንገረው።

ሰው አብዝቶ የሚፈራው ግን ናፍጣውን ሳይሆን የመስታወት ማጽጃውን ነው። «አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ጎማ ይበላል» ሲባል ሰምተህ ይሆናል። እኔ የተጋነነ ነው እላለሁ። ኢፒዲኤም በውኃ የቀጠነ አሞኒያን ይችላል፤ አሞኒያ በእርግጥ የሚያበላሸው መስታወቱ ላይ የሚለጠፈውን ቲንት ነው። ቲንት ካለህ አሞኒያ የሌለበትን ግዛ፤ ከሌለህ ጎማው በሱ ይሞታል ብለህ አትጨነቅ። በረኪናን ግን ከመኪናህ አርቀው። የብረት ጠርዙን ያዝገዋል፤ ከአቼቶ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ይህን ያነሳሁት ሁለቱንም በአንድ ባልዲ የሚቀላቅል ሰው ስላየሁ ነው።

ጎማህን የጎዳው ናፍጣ ነው፤ መስታወትህን የጫረው ግን አቧራ ነው። ሁለቱ ደግሞ ይገናኛሉ። በሩ ላይ ያለው የመስታወት ጎማ ሁለት ዓይነት መሆኑን ልብ በል። አንደኛው ላሜራው ጫፍ ላይ፣ ከውጭም ከውስጥም መስታወቱን እየነካ የተዘረጋው ነው። ሥራው መስታወቱ ሲወርድ ውኃና አቧራ መጥረግ ነው። ሁለተኛው መስታወቱ ግራና ቀኝ የሚንሸራተትበትና ከላይ የሚገባበት ቦይ ነው። የሁለቱንም ከንፈር ጠጋ ብለህ ብታየው በአብዛኛው ከፋይ የመሰለ አጭር ጸጉር አለው፤ መስታወቱ ሳይጮኽ የሚሄደው በዚያ ጸጉር ላይ ነው። ጸጉሩን ዘይት ካስነካኸው አቧራው እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። ከዚያ በኋላ መስታወቱን ባወረድክ ቁጥር በብርጭቆ ወረቀት እየፈተግከው ነው ማለት ነው። ከላይ ወደ ታች የሄደው ጭረትህ የመጣው ከዚህ ነው። ጩኸቱም ከዚያው ነው፤ ችላ ካልከው ደግሞ የመስታወቱ ሞተር ከአቅሙ በላይ እየሳበ ይደክማል።

ስለዚህ አቧራ የለበሰ መስታወት ከመታጠቡ በፊት አይወርድም። ከሸዋ ሮቢት ስትመለስ፣ በተለይ ከአስፋልቱ ወጥተህ የጠጠር መንገድ ከነካህ፣ «ነፋስ ይግባ» ብለህ መስታወቱን ከፍ ዝቅ አታድርገው። የደረቀ አቧራንም በደረቅ ጨርቅ አትጥረግ። ብዙ ጊዜ የምናየው፣ ሾፌሩ ከወንበሩ ሥር ጨርቅ አውጥቶ መስታወቱን እየዞረ የሚያሸው ነገር፣ የብዙ መኪና መስታወት የደበዘዘበት ምክንያት ነው።

አስተጣጠቡን ልንገርህ። መኪናውን ጥላ ውስጥ አቁመውና ሞተሩ ይብረድ፤ የጋለ መስታወት ላይ ሳሙናው ሳታጥበው ይደርቅብሃል። መስታወቱ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ እያለ ከጣሪያው ጀምረህ ንጹሕ ውኃ አፍስስበት፤ ፍሰቱ አቧራውን ይዞት ይውረድ። የግፊት ማጠቢያ ከሆነ ጫፉን ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር አርቀው፤ ከጎማው ከንፈር ትይዩ ከታች ወደ ላይ እንዳይረጭም ተጠንቀቅ። እንደዚያ ከሆነ ውኃው ጎማውን ገልጦ በሩ ውስጥ ይገባል።

ቀጥሎ ጎማው ነው። ብዙ ሰው መስታወቱን አስቀድሞ ያጸዳና ጎማውን ሲያሽ መስታወቱን መልሶ ያቆሽሸዋል። በአንድ ሊትር ለብ ባለ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይበቃል። ዱቄት ኦሞ አልመክርህም፤ በደንብ ያልሟሟው ፍሬ መስታወት ይጭራል፣ የቀረውም ቦዩ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይደርቃል። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በሳሙናው ነክረህ በጎማው ርዝመት እየሄድክ ከንፈሩን ገለጥ አድርገህ እሸው። ጨርቅህ ጥቂት ጥቁር ቢይዝ አትደንግጥ፤ ፀሐይ ያቃጠለው የላይኛው ሽፋን ነው። ታጥቦም ታጥቦም ጥቁሩ ካላቆመ፣ ወይም እጅህ ላይ እንደ ሙጫ ከተለጠፈ ግን ጎማው አልቋል። ሲበቃህ በንጹሕ ውኃ አለቅልቅና አድርቀው።

አሁን መስታወቱ። ማጽጃውን መስታወቱ ላይ ሳይሆን ጨርቁ ላይ ነው የምትረጨው፤ እንዲህ ሲሆን ወደ ታችኛው ጎማ የሚንጠባጠብ ነገር አይኖርም። ሱቅ የሚሸጠው ከሌለህ ከፋርማሲ የምትገዛውን አልኮል በእኩል ውኃ አቅጥነህ ተጠቀም፤ ጎማውን አይጎዳውም። ውጩን ከላይ ወደ ታች፣ ውስጡን ከግራ ወደ ቀኝ ጥረግ። መስመር ሲቀር አቅጣጫውን አይተህ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ትለያለህ። ጨርቁ ማይክሮፋይበር ቢሆን ይመረጣል፤ ከሌለ ብዙ ጊዜ የታጠበ የጥጥ ካናቴራ ይሆናል። ጋቢና ነጠላ ክር ይለቃሉ፤ የመንዝ ባናም ለወንበር ልብስነት እንጂ ለመስታወት አይደለም፣ ሻካራ ነው፣ ጠጠርም ይይዛል። ጋዜጣ መስታወት ያጠራል የሚሉ አሉ፣ እውነትም ያጠራል፤ ግን ቀለሙ ጎማውንና የበሩን ጨርቅ ያጠቁራል።

አሁን ሁሉም የሚረሳው ነገር፦ መስታወቱን አራት ጣት ያህል አውርደውና የላይኛውን ጠርዙን ጥረግ። ሲዘጋ ቦዩ ውስጥ ተደብቆ የሚቀረው ይህ ጠርዝ ነው። የቆሸሸ እንደሆነ በዘጋኸው ቁጥር ቆሻሻውን እየገፋ ከላይኛው ጎማ ውስጥ ያጭቀዋል። በዚያው በሩን ከፍተህ ከታች ጠርዙ ሥር ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች እይ። መስታወቱን ተከትሎ በሩ ውስጥ የሚገባ ውኃ የሚወጣው በነሱ ነው። ጭቃ ከደፈናቸው በእንጨት ስንጥር ክፈታቸው፤ ካልሆነ በሩ ከውስጥ ይዝጋል።

ለሚ ካለው የሲሚንቶ ፋብሪካ ለምታመላልሱ የጭነት ሾፌሮች ደግሞ የተለየ ነገር አለ። የሲሚንቶ ብናኝ የሌሊት ጤዛ ሲያገኘው መስታወቱ ላይም ቦዩ ውስጥም ይጠነክራል፤ በላዩ ላይ የሚቀረው እርጥበትም መስታወት የሚበላ ኃይል አለው። ሳይነካ በብዙ ውኃ ይውረድ። ነጭ ሆኖ የቀረውን አንድ እጅ አቼቶ ለሦስት እጅ ውኃ ቀላቅሎ በጨርቅ አርሶ ለጥቂት ደቂቃ መለጠፍ፣ ከዚያ አብዝቶ ማለቅለቅ ነው። የቀጠነ አቼቶ ጎማውን አይጎዳውም። በምላጭ መፋቅ ግን አይሆንም፤ እጅ ሲያመልጥ ምላጩ ጎማውን ይሰነጥቃል።

ወደ ውርጩ ልመለስ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ከጥቅምት ጀምሮ ጎማ በብዛት የሚቀደደው በጠዋት ነው። ማታ መስታወቱ ከሰማዩ ፊት ተጋልጦ ሲያድር ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዝና እርጥበቱን በላዩ ላይ አመዳይ ያደርገዋል። ከጎማውና ከመስታወቱ መካከል የገባው ውኃም በረዶ ሆኖ ሁለቱን ያጣብቃቸዋል። አንተ ቁልፉን አዙረህ የመስታወቱን ማውረጃ ስትጫን ሞተሩ ይጎትታል፤ ወይ የጎማው ከንፈር ተገንጥሎ ይቀራል፣ ወይ የመስታወቱ ማንሻ ይሰበራል። ስለዚህ ውርጭ ያደረበት መስታወት አይወርድም። በሩ አልከፈት ካለህም እጀታውን አትታገለው፤ መጀመሪያ በመዳፍህ ዙሪያውን ወደ ውስጥ ግፋው፣ በረዶው ይሰበራል፣ ከዚያ ሳብ።

የፈላ ውኃ በጆግ ይዞ የሚወጣ ጎረቤት አለህ፣ አውቃለሁ። የፊት መስታወት ሁለት መስታወት በመካከሉ ላስቲክ ገብቶበት የተጣበቀ ነው፤ የበሮቹ ደግሞ በሙቀት የጠነከረ አንድ ወጥ መስታወት ነው። ድንገተኛ ሙቀት ቶሎ የሚሰነጥቀው የፊቱን ነው፤ በተለይ ጠጠር የመታው ትንሽ ነጥብ ካለበት። ባይሰነጠቅ እንኳ ያ ውኃ በጎማው አልፎ በሩ ውስጥ ይወርድና በማግሥቱ ሌሊት እንደገና ይጋገራል።

የሚሻለው ይህ ነው። ማታ ስታቆም ጎማዎቹን በደረቅ ጨርቅ አድርቅ፤ የፊቱን መስታወት በካርቶን ሸፍነውና የካርቶኑን ጫፍ በዝናብ መጥረጊያው አስይዘው። ጠዋት ሞተሩን አስነሥተህ አየሩን ወደ መስታወቱ አዙር፤ ከለብታ ጀምር። ለውጩ ከፋርማሲው አልኮል ሁለት እጅ፣ ውኃ አንድ እጅ አድርገህ በመርጫ ዕቃ ያዝ፤ የኛ አገር ውርጭ በዚህ ይለቃል። አልኮል እሳት ይይዛል፣ ሲጋራና ከሰል ባለበት አትርጭ። አረቄ አይሆንም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ይሆናል፤ ግን ትራፊክ ሲያስቆምህ ሽታው የመስታወቱ ነው ብለህ ስታስረዳ ማየት አልፈልግም። የሚፋቅ ከሆነ በፕላስቲክ ነው፤ ከጠርዙ ወደ መሀል እየፋቅህ፣ ከጎማው አንድ ጣት እያራቅህ። የኋላውን መስታወት ከውስጥ በኩል ጨርሶ አትፋቀው፤ እዚያ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች የማሞቂያው ሽቦዎች ናቸው።

ብርዱ አንድ ነገር ያዘናጋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ትወርዳለች። ጎማን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ጎማህ ሸዋ ሮቢት ላይ በሙቀት ይበስላል፣ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ አየሩ እየበረደው በጨረር ይቃጠላል። በአንድ ቀን ሁለቱንም ያያል። ጥላ ሥር የማቆምን ጥቅም ሰው የሚያስበው ለቆላ ብቻ ነው፤ ለደጋም ነው።

ታዲያ ምን ይቀባ? ሁለት ነገር አውቃለሁ። አንደኛው ሲሊኮን ስፕሬይ ነው፣ መለዋወጫ ሱቅ ታገኘዋለህ። ጣሳው ላይ ለጎማ የሚስማማ መሆኑን አንብብ፤ አንዳንዱ ውስጡ የነዳጅ ማቅጠኛ አለበትና ወደ ናፍጣው ታሪክ ይመልስሃል። በቀጥታ አትርጨው፣ ጨርቅ ላይ አድርገህ ቀባው፤ ከንፈሩ ጸጉር ያለው ቦይ ውስጥ ግን ቱቦውን አስገብተህ በጣም ጥቂት ንፋበት፣ መስታወቱን ከፍ ዝቅ አድርግና የወጣውን ጥረግ። የፊት መስታወት ላይ እንዳይደርስ፤ ማታ ከፊት የሚመጣ መብራት ያንጸባርቅብሃል፣ የዝናብ መጥረጊያውም ይንተፋተፋል። መኪናህን ቀለም ልታስቀባ ያሰብክ እንደሆነም ለቀለም ቀቢው ሲሊኮን እንደተጠቀምክ ንገረው፤ ሲሊኮን የነካው ላሜራ ላይ ቀለም ጉድጓድ ጉድጓድ ይሠራል።

ሁለተኛው ከየፋርማሲው የሚገኘው ግሊሰሪን ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ኢፒዲኤምን አይነካም፣ በውርጭ ጊዜም ጎማው ከመስታወቱ ጋር እንዳይጣበቅ ያደርጋል። የበሩን ዙሪያ ጎማ በጨርቅ ስስ አድርገህ ቀባው፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተህ የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ አንሣ። ሳታነሣው ከቀረህ አቧራ ይጠራል። ጸጉር ላለው ቦይ ግን ግሊሰሪን አልመርጥም። ውርጩ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ፣ ውርጩ ሲያበቃ አንድ ጊዜ፣ በመካከሉም ጎማው ደረቅ ሲልህ ይበቃል። ቅቤና የምግብ ዘይት የሚቀቡም አሉ፤ ጎማው አይወደውም፣ አይጥ ግን ይወደዋል።

ጣርማ በርን በየሳምንቱ የምታልፍ ሰው ስለሆንክ ይህንንም ልጨምር። እዚያ ያለው ጉም ከውጭ ያለው ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ መስታወቱ ከውስጥ በእንፋሎት ይሸፈናል። የሚያባብሰው ሁለት ነገር ነው፦ በመስታወቱ ውስጥ ወገን የሚቀመጠው ስስ ቅባትና ካበቃለት ጎማ የገባ ውኃ ያረጠበው ምንጣፍ። ስለዚህ ውስጡን እንደ ውጩ ማጽዳት ግድ ነው። ጎማው ውኃ ያስገባ እንደሆነ ለማወቅ ጠመኔ ውሰድና የበሩን ጎማ ዙሪያውን ቀባው፣ በሩን ዝጋና ክፈት። የጠመኔው ምልክት ላሜራው ላይ ያላረፈበት ቦታ ውኃው የሚገባበት ነው።

ያንተ የተጨማደደው ጎማ ይቀየራል፤ ምንም አትቀባበት። ሲገዛ በሜትር የሚሸጠው ርካሹ ብዙውን ጊዜ ፒቪሲ ፕላስቲክ ነው፤ ፒቪሲ በብርድ ይደርቃል፣ ለደብረ ብርሃን ጠዋት አይሆንም። ለቪትስ የተሠራውን ጠይቅ፤ ከጥቅም የወጣ መኪና የተፈታም ቢሆን፣ አጥፈህ ስትለቀው ወዲያው የሚመለስና ከንፈሩ ላይ ጸጉሩ ያልተመለጠ ከሆነ ይሻልሃል። ሲነቀል ካቻቪቴው ጫፉ ላይ ጨርቅ ይጠቅለልበት፤ ላሜራው ከተጣመመ አዲሱም አይቀመጥም። አዲሱ ከመግባቱ በፊት ቦታው ላይ ከናፍጣው የቀረው ቅባት በሳሙና ውኃ ይታጠብና ይድረቅ፤ ካልሆነ አዲሱም ያንኑ ይጠጣል።

ጭረቱን በጥፍርህ ጫፍ አቋርጠህ ሂድበት። ጥፍርህ ካልያዘ መስታወት የሚሠሩ ሰዎች በሴሪየም ኦክሳይድ ዱቄትና በስፖንጅ ዲስክ ያደበዝዙልሃል፤ ጊዜ ይወስዳል፣ መስታወቱ እንዳይግልም በየመሀሉ ውኃ ይፈልጋል። ጥፍርህ ከያዘ አይለቅም፤ ጥልቅ ጭረትን ለማጥፋት ሲፋቅ መስታወቱ ይሰረጉድና ምስሉን ያወላግድብሃል፤ ስፖኪዮ የምታይበት በኩል መሆኑን አትርሳ። የጥርስ ሳሙና ሞክር የሚልህ ይኖራል። መስታወት ለመፋቅ አቅም የለውም፤ ነጭ ሆኖ ጎማው ሥር ይገባና እሱን ለማውጣት እንደገና የጥርስ ብሩሽ ትይዛለህ።